በር ሲከፈት የሚታየው እድፍ

(ስለ አውቶሞቢል በር መቃን አጠባበቅ በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት እጅግ ትንሽ፣ እንዲያውም ለሬዲዮ ንግግር የማይበቃ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የአውቶሞቢል በር በተከፈተ ጊዜ በበሩ ጠርዝና በመኪናው አካል መካከል ብቅ ስለሚለው፣ በሩ ሲዘጋ ግን ከዓይን ስለሚሰወረው ስፍራ ንጽሕና ነው። አባቶቻችን የቤትን በር ሲያቆሙ ከግራና ከቀኝ የሚቆመውን መቃን፣ ከላይ የሚጋደመውን ጉበን፣ ከታች እግር የሚሻገረውን ደፍ ብለው ሰይመውታል። አውቶሞቢልም እንደ ቤት መቃን፣ ጉበንና ደፍ አለው፤ ልዩነቱ የቤቱ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ሲሆን የአውቶሞቢሉ ከስስ ላሜራ መሠራቱ ነው። እንጨትን ምስጥ እንደሚበላው ሁሉ ላሜራን ዝገት ይበላዋል። ምስጥም ሆነ ዝገት ሥራውን የሚጀምረው ሰው በማያይበት በኩል ነው።

ነገሩን በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቁብ ጥዬና ከደመወዜ ቆጥቤ የገዛኋት አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ነበረችኝ። በጥር ወር በአንድ እሑድ ቀን ወደ ዘመድ ሠርግ ስሄድ እንደ እናት የማያቸውን አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴን አሳፍሬ ነበር። መኪናይቱን በዋዜማው አሳጥቤአት ስለ ነበር ጣራዋና ኮፈኗ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ከሠርጉ ቤት ደርሰን እሜቴ ሲወርዱ የአዲሱ ነጭ ቀሚሳቸው ጠርዝ የበሩን ደፍ ጠረገው፤ የነጠላቸውም ጫፍ የበሩ መቆለፊያ የሚነክሰውን ብረት ነካው። በጥበቡ ላይ የስንዝር ያህል ጥቁር ቅባት ተጋደመበት። እኔ በኀፍረት የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ፣ እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «አይ ልጄ! ላዩን አሳምረህ ውስጡን ለቄስ አደረግኸው?» አሉኝ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ዘፈንና ከበላሁት ድግስ ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ይህ ቃል ነው።

ነገሩ በዚያው ቢበቃ ኖሮ ባልከፋ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የኋላው በር አልገጥም እያለ አስቸገረኝና መኪናይቱን ወደ አንድ የባትላሜራ ባለሙያ ወሰድኋት። ሰውየው በሩን ከፍቶ ጎንበስ አለና ደፉን በጣቱ አንኳኳው። ቀጥሎም «ቀለሙን አይተው አይታለሉ ጌታዬ» ብሎ በካቻቪቴው ጫፍ ጫን ቢለው፣ ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰብሮ ብረቱ ወደ ውስጥ ገባ። ከጉድጓዱ እርጥብ አፈርና ቀይ ዝገት ተዘረገፈ። ጥገናው የሁለት ወር ደመወዜን ወሰደ። ቀሚሱን ያቆሸሸውና ብረቱን የበላው እድፍ አንድ መሆኑን ያስተዋልሁት ገንዘቡን ከከፈልሁ በኋላ ነበር። እናንተ ሳትከፍሉ ታስተውሉት ዘንድ ይህን ንግግር አዘጋጀሁ።

እድፍ በመቃኑ ላይ እንዴት ይከማቻል?

በመጀመሪያ የአውቶሞቢል በር እንዴት እንደሚዘጋ እንመልከት። በበሩ ወይም በመቃኑ ዙሪያ ውስጡ ክፍት የሆነ ለስላሳ ጎማ ይዞራል። በሩ ሲዘጋ ይህ ጎማ ይጨመቅና ውሃ፣ አቧራና የነፋስ ድምፅ ወደ ተሳፋሪው እንዳይገባ ያግዳል። ነገር ግን ጎማው የተተከለው ከበሩ የውጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ ከጎማው ውጭ የሚቀረው የጥቂት ጣት ስፋት ያለው ስፍራ በሩ ተዘግቶም ቢሆን ለአቧራና ለጭቃ የተጋለጠ ነው። መኪናው ሲሮጥ የፊት ጎማዎች የሚረጩት ጭቃ በጎን እየተላተመ በበሩና በደፉ መካከል ባለው ክፍተት ይገባል፤ ነፋሱም ደቃቁን አቧራ እየነዳ እዚያው ያሳድረዋል። ከላይ የሚወርደው ዝናብ የጣራውን አፈር ይዞ በጉበኑ በኩል ይንጠባጠባል። ተሳፋሪውም በጫማው ያመጣውን ጭቃ በደፉ ላይ ጠርጎ ይገባል።

በማጠፊያውና በመቆለፊያው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በዚያ የተቀባው ግራሶ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ የሚያገለግል ቢሆንም፣ አቧራ በተነሣ ቁጥር እየያዘ ያስቀረዋል። ከጊዜ በኋላ ግራሶው ጥቁር ሊጥ ይሆናል። ይህ ሊጥ ማለስለሱን ትቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት የማጠፊያው ዘንግ እየሳሳ ይሄዳል፤ በሩም ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

እንግዲህ መኪናን ማሳጠብ የተለመደ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ እድፍ እንዴት ተረፈ? ቢሉ፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በላቫጆም ሆነ በመንደር ውስጥ መኪና የሚታጠበው በሩ ተዘግቶ ነው። ውሃው ጣራውን፣ ኮፈኑንና ጎኑን ሲያጥብ ያንኑ የታጠበ አፈር ወደ በሩ ክፍተት እየነዳ ያስገባዋል። አጣቢው በመጨረሻ በሩን የሚከፍተው ምንጣፉን ለማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና በየሳምንቱ ሲታጠብ ኖሮ መቃኑ ግን ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ እጅ ሳይነካው ሊኖር ይችላል።

ብረቱን የሚበላው ምንድር ነው?

ዝገት የሚባለው ነገር የሚፈጠረው ብረት፣ ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዝገት የለም። ቀለም የተቀባውም ብረቱን ከሁለቱ ለመለየት ነው። በደፉ ላይ የተከማቸ ጭቃ ግን ውሃን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያቆያል፤ የመኪናው ጣራ በአንድ ሰዓት ፀሐይ ሲደርቅ በጭቃ የተሸፈነው ደፍ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል። ጫማ የጫረው ወይም ጠጠር የነካው አንዲት ትንሽ ስንጥቅ ካለች ውሃው በዚያ ይገባል። ዝገትም ሲፈጠር ከነበረው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያነሣዋል። ከውጭ እንደ ብጉር ብቅ ብሎ የምናየው ይህ ነው። ብጉሩ ሲታይ ከሥሩ ያለው ጉዳት ከሚታየው የሰፋ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ የባሰው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚመጣው ዝገት ነው። ብዙ ሰው የበሩ ውስጥ ውሃ እንዳይገባበት ሆኖ የተሠራ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ዝናብ በመስኮቱ መስተዋት ላይ ሲወርድ ከፊሉ በጎማው በኩል ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ውሃው የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አበጅተዋል። በደፉም ሥር እንደዚሁ መውጫ አለ። ጭቃ እነዚህን ቀዳዳዎች በደፈነ ጊዜ በሩ ባልዲ ይሆናል። ውሃው በውስጡ ተኝቶ ላሜራውን ከታች ወደ ላይ ሲበላ ይከርማል። መኪና በኩርባ ሲዞር ከበሩ ውስጥ የውሃ መንቦጫረቅ ብትሰሙ ቀዳዳው መደፈኑን እወቁ።

ደፉ ደግሞ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። በአብዛኛዎቹ አውቶሞቢሎች የጎኑ ደፍ ሁለት ወይም ሦስት ላሜራ ተጣብቆ እንደ ሣጥን የተሠራ የመኪናው አጥንት ነው። የፊቱን አካል ከኋላው የሚያያይዝ፣ በጎን አደጋ ሲደርስም ተሳፋሪውን ከሚከላከሉት ክፍሎች አንዱ ነው። ስለዚህ ደፉ የተበላ መኪና መልኩ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱም ተበልቷል ማለት ነው። በኋላ ወንበር ልጆቹን የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ጥቂት ስለ አመጣጡ

በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይህ ችግር ገና አልተወለደም ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን አውቶሞቢል ማለት በአብዛኛው ጣራውና ጎኑ ክፍት የሆነ ሠረገላ ነበር። ስመ ጥሩው ፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ ክፍት አካል ያለው የአሜሪካው ዓይነት ከ1912 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ በሾፌሩ በኩል የሚከፈት በር አልነበረውም፤ በላሜራው ላይ የበር ቅርጽ ብቻ ታትሞበት ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ የተዘጋ የብረት አካል እየተስፋፋ ሲሄድ መቃንና ደፍም አብረው መጡ፤ ከእነርሱም ጋር ዝገት የሚደበቅበት ጓዳ ተበራከተ።

ሠሪዎቹም ዝም አላሉም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፎርድ ፋብሪካ የመኪናውን አካል በሙሉ በቀለም ገንዳ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ኀይል ቀለሙን ወደ ስውሩ ክፍል ሁሉ የማስገባት ዘዴ ተጀመረ። በ1980ዎቹም አጋማሽ አውዲ አካሉ በሙሉ ዚንክ ከተለበጠ ላሜራ የተሠራ መኪና ለገበያ አቀረበ። የዛሬ መኪና ከአያቱ ይልቅ ዝገትን የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን መቋቋም ማለት አለመሸነፍ አይደለም። ልባሱ በተጫረበትና ጭቃ በሰፈረበት ስፍራ ዝገት ዛሬም መንገዱን አይስትም።

በእኛ አገር ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ዝናቡም በአብዛኛው በክረምት ወራት ተጠራቅሞ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ይነሣል። አቧራው በበጋ ይሞላል፤ ክረምቱም ያርሰዋል። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ አሮጌ መኪና ያለው የመንግሥት ሠራተኛ በቀላሉ ለውጦ ሌላ ይገዛል ማለት ዘበት ነው። ያለውን ጠብቆ ማኖር ግድ ሆኖበታል።

የማጽዳቱ ሥራ በቅደም ተከተል

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ከእያንዳንዱ ቤት የማይታጣ ነው፤ ግማሽ ባልዲ ንጹሕ ውሃ፣ ጥቂት የመኪና ሻምፖ፣ አንድ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አራት ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቂት ግራሶ። የቀለም ብሩሹ አንገት ብረት ከሆነ ቀለሙን እንዳይጭረው በፕላስተር ወይም በጨርቅ ጠቅልሉት። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰውም ይህ ሥራ አይከብድም፤ ግማሽ ባልዲ ለአራቱም በሮች ይበቃልና።

አንደኛ፣ መኪናው በጥላ ይቁም። ብረቱ በፀሐይ ከጋለ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቅና ነጭ ምልክት ይተዋል። የውጭው አካል ቀድሞ ይታጠብ፤ መቃኑ የሚጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የውጭው እጣቢ የጸዳውን መቃን መልሶ ያቆሽሸዋል።

ሁለተኛ፣ አንዱን በር ብቻ ክፈቱ። ውሃ ከመንካታችሁ በፊት ደረቁን አቧራና አሸዋ በቀለም ብሩሹ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። ደረቅ አሸዋ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቀለሙን ይሞርደዋል፤ የረጠበ አቧራም ጭቃ ሆኖ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። አስቀድሞ የተጠረገ አቧራ ግን መጥረጊያ እንጂ ውሃ አይፈልግም።

ሦስተኛ፣ የጠቆረውን ግራሶ አንሡ። በማጠፊያውና በመቆለፊያው ላይ ያለውን ጥቁር ሊጥ አስቀድሞ በደረቅ እራፊ ጠርጉት። የቀረውን በእራፊ ጫፍ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ አድርጎ ከብረቱ ላይ ብቻ ማንሣት ይቻላል፤ ነገር ግን ጎማውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ወዲያውም በሳሙና ይታጠብ። ይህ እራፊ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ይጣላል።

አራተኛ፣ በባልዲው ውስጥ ሻምፖውን በጥብጡና ጨርቁን ነክራችሁ ጭመቁት። ከጉበኑ ጀምራችሁ በመቃኑ በኩል ወደ ታች ውረዱ፤ ደፉ የመጨረሻ ይሁን። በማጠፊያው ዙሪያና በጎማው ስር ባለው ጎድጓዳ ስፍራ የጥርስ ብሩሹ ያገለግላል። ለላይኛው ክፍል አንድ ጨርቅ፣ ለደፉ ሌላ ጨርቅ ይኑር። መሬት ላይ የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ተመልሶ ቀለም አይንካ፤ ከመሬት ያነሣው ጠጠር ቀለሙን ይጭራልና።

አምስተኛ፣ ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ በተነከረና በተጨመቀ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አንሡት። ውሃ በባልዲ አትድፉበት። በብዙ መኪናዎች መቃን ላይ የበሩን መብራት የሚያበራ ማብሪያ፣ ከአካሉ ወደ በሩ የሚሻገር የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በበሩም ሆድ የድምፅ ማጉያና የመስኮት ሞተር አሉ። እነዚህ የዝናብ ጠብታን እንጂ የባልዲ ጎርፍን ለመቀበል አልተሠሩም።

ስድስተኛ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ። ጎንበስ ብላችሁ የበሩን ታችኛ ጠርዝ ብትመለከቱ ታገኙአቸዋላችሁ። ለዚህ ሥራ እኔ ከመፋቂያ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም፤ ጫፉ ተኝኮ እንደ ብሩሽ የተበተነ ቀጭን መፋቂያ ጭቃውን ጎርጉሮ ያወጣል፤ ቀለሙንም አይጭርም። ምስማርና ካቻቪቴ ግን ቀዳዳውን ሲከፍቱ ቀለሙን ስለሚያቆስሉ፣ ለማዳን የተነሣችሁለትን ብረት ለዝገት አሳልፋችሁ ትሰጡታላችሁ። ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ በመስኮቱ መስተዋት ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ፤ ውሃው ከታች ሲወጣ ብታዩ ሥራው ተፈጽሟል።

ሰባተኛ፣ ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ አድርቁና በሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። በመጨረሻም በመቃኑና በደፉ ቀለም ላይ ስስ ሰም ቀቡ፤ ሰሙ በሚቀጥለው ጊዜ ጭቃው አጥብቆ እንዳይይዝ ይረዳል። ለማጠፊያውና ለመቆለፊያው የሽምብራ ፍሬ የሚያህል አዲስ ግራሶ ይበቃል። በሩን አሥር ጊዜ ያህል ከፍታችሁ ከዘጋችሁ በኋላ ወደ ውጭ የተረፈውን ጥረጉት። የሰው ልብስ የሚያቆሽሸው ይህ የተረፈው ነውና።

የተለመዱ ስሕተቶች

በዚህ ሥራ ከማጽዳት ይልቅ የሚያበላሹ አራት ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው በኀይል የሚረጭ የውሃ መሣሪያን ወደ ተከፈተ በር ማነጣጠር ነው። ኀይለኛው ውሃ ጎማውን ከተጣበቀበት ይነቅለዋል፤ ወደ ሽቦው መገናኛም ይገባል። ከውጭም ሲታጠብ የመርጫው አፍ ከጎማው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት አዳዲስ መኪናዎች ይህ ምክር የበለጠ ይጠቅማል፤ የኤሌክትሪክ መሙያው ክዳን ጓዳም እንደ በር መቃን አቧራ ስለሚሰበስብ፣ እርሱም መሙያው ተነቅሎ በውሃ ኀይል ሳይሆን በጨርቅ ይጠረግ።

ሁለተኛው የበሩን ጎማ እንዲያብረቀርቅ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ መወልወል ነው። ለጊዜው ጎማው እንደ አዲስ ይጠቁራል። ነገር ግን የዘመኑ የበር ጎማ በነዳጅ ዘር ሲነካ ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ቅርጹንም ያጣል። ከነዳጅ የሚወጣው ቫዝሊንም ከዚሁ ወገን ነው። ለጎማ የሚስማማው ሲሊኮን ነው፤ እርሱ ባይገኝ ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን ይሠራል። ጥቂት ጠብታ በጨርቅ አድርጎ መቀባት ጎማው እንዳይደርቅና ከመቃኑ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የልብስ ሳሙና ዱቄት ነው። እርሱ የተሠራው ከልብስ ላይ ቅባትን ለማውጣት ስለሆነ የመኪናውንም ሰም አብሮ ያነሣዋል። በደንብ ያልሟሟው ዱቄትም በጎድጓዳው ስፍራ ይቀራል። አራተኛው ደግሞ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ነው። ብጉሩን ሳይፍቁና ብረቱን ሳያጸዱ ከላይ መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ እንደ ማሰር ነው፤ መልኩ ይሸፈናል እንጂ መብላቱ አይቆምም።

መቃኑ ምስክር ነው

አድማጮቼ፤ አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ብትኖሩ ይህን ስሙኝ። ሻጭ ኮፈኑን ያስወለውላል፤ ወንበሩን ያለብሳል፤ መቃኑን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ስለዚህ እውነቱን የምታገኙት በዚያ ነው። አራቱንም በሮች ክፈቱና በመቃኑ ያለው ቀለም ከውጭው ጋር አንድ መሆኑን ተመልከቱ። ውጭው ነጭ ሆኖ መቃኑ ሌላ መልክ ካለው፣ ወይም በጎማው ጠርዝ ላይ የተረጨ ቀለም ካያችሁ፣ መኪናው ዳግመኛ ተቀብቷል ማለት ነው። በማጠፊያው ቡሎን ራስ ላይ ያለው ቀለም ከተላጠ በሩ አንድ ጊዜ ወልቆ ያውቃል። በፋብሪካ የተጣበቀ ላሜራ በጎማው ስር በእኩል ርቀት የተደረደሩ ክብ ምልክቶች ይታዩበታል፤ በእነርሱ ፋንታ ወፍራም ስቱኮ ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ጫፉን በእጃችሁ ከፍ ብታደርጉት ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ሳስቷል።

በሾፌሩ በኩል ባለው መቃን ላይ በብዙ መኪናዎች አንድ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። በዚያ ላይ የጎማው ነፋስ ልክ፣ በአንዳንዶቹም የመኪናው መለያ ቁጥርና የቀለሙ ቁጥር ተጽፏል። በአሜሪካ ከ1981 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ መለያው 17 ፊደላትና አኃዞች እንዲኖሩት ተደንግጓል፤ ሌሎችም አገሮች ይህንኑ ልክ ይከተላሉ። ቁጥሩን በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። በምታጸዱበትም ጊዜ ይህን ጽሑፍ በብሩሽ አትፈግፍጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ለስለስ አድርጋችሁ ጥረጉት እንጂ። እርሱ የመኪናው የልደት ወረቀት ነውና።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረቦችም አንድ ቃል ልጨምር። ፈርመን የተረከብነው መኪና የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለሹፌሩ መኪናው በየሳምንቱ ታጥቧል ብሎ መመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ በሮቹ ተከፍተው መታየታቸውን መጠየቅ የተረካቢው ግዴታ ነው። ሹፌሩም በኀላፊው ዘንድ ሊመሰገን የሚገባው በኮፈኑ ማብራት ሳይሆን በደፉ ንጽሕና ነው። ይህ ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የበጀት ጥያቄም አያስነሣ።

ጊዜውን በሚመለከት፣ በዓመት ሁለት ቀን እንዳትረሱ አሳስባችኋለሁ። አንደኛው በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ የበጋውን አቧራ አስወግዳችሁ ቀዳዳዎቹን የምትከፍቱበት ጊዜ ነውና። ሁለተኛው በመስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ በዚያን ጊዜ አራቱንም በሮች በአዲሱ ዓመት ፀሐይ ከፍታችሁ የከረመውን እርጥበት ታደርቃላችሁ። በእነዚህ መካከል በወር አንድ ጊዜ ደፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ በግማሽ ባልዲ ውሃ የሚመለሰው ነገ በሁለት ወር ደመወዝም ላይመለስ ይችላል።

እኔም ከጥገናው በኋላ ይህንኑ ሥርዓት ያዝሁ። ባለፈው ዓመት በበዓል ቀን እነዚያን አረጋዊት ጎረቤቴን እንደ ገና አሳፈርኋቸው። ሲወርዱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና የበሩን ደፍ በጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ጣታቸውንም ወደ ብርሃን አቅርበው ተመለከቱ። ምንም አልነበረበትም። አንዳች ሳይናገሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤት ገቡ። እኔም በሩን ዘጋሁት፤ ያለ ድምፅ ገጠመ።